አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ይጻፋል፦ ከረቂቅ እስከ እርማት

ብዙ ሰው ለመጻፍ ሲቀመጥ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አሳምሮ ለማውጣት ይታገላል። ይጽፋል፣ ይሰርዛል፤ «ሥራ» የሚጻፈው በንጉሡ «ሠ» ነው ወይስ በእሳቱ «ሰ» እያለ ያመነታል፤ እንደገና ይሰርዛል። ሰዓቱ ይነጉዳል፣ ወረቀቱ ላይ የቀሩት ግን ሁለት ሦስት መስመሮች ናቸው። በመጨረሻ «እኔ የመጻፍ ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ይህ ሰው የጎደለው ተሰጥኦ አይመስለኝም። ማርቀቅ፣ መከለስና ማረም የሚባሉ ሦስት ሥራዎችን በአንድ መቀመጫ፣ በአንድ እጅ ለመሥራት ሞክሮ ነው የደከመው።

ልማዱን አብዛኞቻችን ያመጣነው ከትምህርት ቤት ነው። ድርሰት በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጻፋል፣ ይሰበሰባል፣ በቀይ እስክሪብቶ ይታረምና ከአሥር ወይም ከሃያ ነጥብ ተሰጥቶበት ይመለሳል። «ይህን አንቀጽ ወደዚያ ወስደህ፣ ያንን ቆርጠህ እንደገና ጻፈው» የሚባልበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ክለሳ የሚባለውን ሥራ ሳናውቀው አድገናል። መከለስ ስንባል የፊደል ግድፈት መልቀም ይመስለናል። ጽሑፍ የሚሻሻለው ግን በዋናነት በክለሳ ነው፤ ይህ መመሪያም ብዙውን ቦታ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንዲት አጭር ጽሑፍ ከመነሻዋ እስከ መጨረሻዋ ይዘን እንሄዳለን። ጉዳይዋ እንጀራ ነው።

አንደኛ፦ ርዕሱን ወደ ጥያቄ ይቀይሩ

«ስለ እንጀራ መጻፍ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው የሚጽፈውን ገና አልያዘም። ስለ እንጀራ ሲባል የጤፍ ገበሬው አለ፣ የወፍጮ ቤቱ አለ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ አለ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ ውጭ አገር የሚሄደው እንጀራ አለ። «እንጀራዬ ለምን ዓይን አላወጣም?» ብሎ የሚጀምር ሰው ግን መንገዱ ተለይቶለታል። ምን ማወቅ እንዳለበት፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት፣ የትኛውን ነገር መተው እንዳለበት ጥያቄው ራሱ ይነግረዋል።

ጥያቄው ሰው በእውነት የሚጠይቀው ዓይነት መሆን አለበት። «የእንጀራ ፋይዳ ምንድን ነው?» የሚለው የጥያቄ ምልክት ቢኖረውም ማንም ሰው ምጣድ ፊት ቆሞ አይጠይቀውም።

ቀጥሎ አንባቢውን ይለዩ። «ሕዝቡ» አንባቢ አይደለም፤ «ወጣቱ ትውልድ»ም አይደለም። አንድ የሚያውቁትን ሰው ያስቡ። ለዚህ ምሳሌ ከቤተሰቧ ርቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጥ ያቦካችውን የእህትዎን ልጅ እንውሰድ። እንጀራ ስትበላ ነው ያደገችው፤ ስለዚህ «እንጀራ የኢትዮጵያውያን ባህላዊ ምግብ ነው» ብለው ሊነግሯት አይገባም። አብሲት ሲጣል ግን አጠገብ ቆማ አይታ አታውቅ ይሆናል፤ ስለዚህ አብሲትን ማስረዳት ግድ ነው። ምን ልጻፍ፣ ምን ልተው የሚለው ጭንቀት አንባቢው አንድ ሰው ሲሆን በግማሽ ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ አንድ ወረቀት ይውሰዱና የሚያውቁትን ሁሉ በቁርጥራጭ ይጻፉ፤ ቅደም ተከተል አያስፈልግም፦

እርሾ ከየት ይገኛል? — ሊጡ ስንት ቀን ይቆያል — ከላይ የሚያርፈው ውኃ ይቀዳል — አብሲት ምን ይሠራል? — ምጣዱ በደንብ ካልጋለ — ሊጡ ከወፈረ — ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ሊጥ አይቦካም — ኩፍ ማለት

ከነዚህ መካከል ለጥያቄው መልስ ዋና የሆነውንና እርስዎ በደንብ የማያውቁትን ይለዩ። እዚህ ላይ እርሱ አብሲት ነው። ስለ እርሱ ማርቀቅ ከመጀመርዎ በፊት የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ፤ ለሃያ ዓመት የጋገረች ሴት በሁለት ደቂቃ የምትነግርዎ ነገር በይነ መረብ ላይ ግማሽ ቀን ቢፈልጉ ላያገኙት ይችላሉ። የቀረውን ግን ይለፉት፤ እያንዳንዱን ነገር እስካጣራ ልቆይ የሚል ሰው ረቂቅ አይጀምርም።

ሁለተኛ፦ ረቂቁን ሳይቆሙ ይጻፉ

የረቂቅ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ በሐሳብ ያለውን ወረቀት ላይ ማውረድ። ውበትም፣ ፊደልም፣ ሥርዓተ ነጥብም የረቂቅ ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያድርጉ፦

ቁርጥ ያለ ጊዜ ይመድቡ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ወደ ኋላ አይመለሱ፤ አይሰርዙ። ዓረፍተ ነገሩ ካልጣመዎት እዚያው ሥር በሌላ አባባል ይጻፉትና ይቀጥሉ። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በሌላ ቀን የሚከልሰው ዓይንዎ ነው።

የማያውቁት ነገር ሲያጋጥምዎ ሦስት የጥያቄ ምልክት አስቀምጠው ይለፉ። «ሊጡ ሲቦካ የሚፈጠረው ጋዝ ??? ይባላል» ብሎ መቀጠል ይቻላል። ስሙን ለመፈለግ ስልክዎን ካነሡ ግን መልእክት ያያሉ፣ ዜና ያያሉ፣ ሐሳብዎ ይበተናል። ሦስቱ ምልክቶች ኋላ በኮምፒውተሩ የፍለጋ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይገኛሉ።

ከመግቢያው መጀመር ግዴታ አይደለም። በጣም የሚያውቁት ክፍል መሐል ላይ ከሆነ ከመሐል ይጀምሩ። መግቢያ የሚጻፈው ጽሑፉ ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው።

ስለ መጻፊያው አንድ ነገር ልበል። በግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ስንጽፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ቁልፍ መምታት ይጠይቃል። መተየብ ላይ ፈጣን ካልሆኑ ጣትዎ ሐሳብዎን ይጎትተዋል፤ በዚያ መካከል ሐሳቡ ይጠፋል። እንዲህ ከሆነ ረቂቁን በእጅዎ ደብተር ላይ ይጻፉት፤ ወይም ለእህትዎ ልጅ በስልክ እንደሚያስረዱ አድርገው ድምፅዎን ይቅዱና ኋላ ይገልብጡት። በድምፅ የተረቀቀ ጽሑፍ ብዙ ድግግሞሽ ይኖረዋል፤ ነገር ግን አማርኛው የሰው አማርኛ ይሆናል፤ የቢሮ ደብዳቤ አይመስልም።

ከረቂቁ አንድ አንቀጽ እነሆ፦

«እንጀራ የኢትዮጵያውያን ባህላዊ ምግብ ሲሆን በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከጤፍ ሲሆን ጤፍ ደግሞ በአገራችን በብዛት የሚመረት እህል ነው። እንጀራ ለመጋገር በመጀመሪያ የማቡካት ሥራ ይከናወናል። ሊጡ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ አብሲት ይደረጋል። አንዳንድ ጊዜ እንጀራው ዓይን አያወጣም። የዚህም ምክንያት ሊጡ ኩፍ ስላላለ ነው። ሊጡ ሲቦካ ??? የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። እናቶቻችን ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ በሚገባ ያውቁታል።»

ይህ መጥፎ ረቂቅ አይደለም። ረቂቅ የሚጠበቅበትን ሠርቷል፤ ነገሩን ወረቀት ላይ አውርዶታል።

ሦስተኛ፦ ያሳድሩት

ጽፈው እንደጨረሱ አይከልሱ። ገና ትኩስ ሳለ ያነበቡት ጽሑፍ ላይ ዓይንዎ የሚያየው ሊጽፉት ያሰቡትን እንጂ የጻፉትን አይደለም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ጊዜ ከሌለ መልኩን ይቀይሩት፤ በኮምፒውተር የጻፉትን አትመው ወይም በስልክ ላይ ከፍተው ያንብቡት፤ የፊደሉን ቅርጽና መጠን ይለውጡት። እንግዳ ሲመስል ስሕተቱ ይታያል።

ረቂቁን በራሱ ፋይል ያስቀምጡ፤ «እንጀራ ረቂቅ 1» ብለው ይሰይሙት። ክለሳውን የሚሠሩት በቅጂው ላይ ነው። ዋናው በእጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ለመቁረጥ አይፈራም።

አራተኛ፦ ይከልሱ

ክለሳ ማለት ጽሑፉን እንደገና ማሰብ ነው። እዚህ ላይ አንቀጽ ይወጣል፣ ይገባል፣ ቦታ ይቀይራል። አንዳንዴም ጽሑፉ ሌላ ጥያቄ እየመለሰ መሆኑ ይደረስበታል። ስለዚህ እስክሪብቶውን ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጡት።

የመጀመሪያው ንባብ ያለ እስክሪብቶ ነው። ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ያንብቡና ጽሑፉ የተነሣበትን ጥያቄ መልሷል ወይ ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ የት ቦታ ላይ እንደሚገኝም ያስተውሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚገኘው መሐል ላይ ተደብቆ ነው፤ ከላይ በምናየው ረቂቅም የእህትዎ ልጅ የምትፈልገው መልስ የመጣው አምስት ዓረፍተ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ንባብ በእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን በኅዳጉ ላይ አንቀጹ የሚሠራውን ሥራ በአንድ መስመር ይጻፉ። ትምህርት ቤት «ኃይለ ቃል» የምንለው ዓረፍተ ነገር አንቀጹ ውስጥ ካለ ይህ ቀላል ነው። በአንድ መስመር አልጻፍልዎ ካለ ሁለት አንቀጽ አንድ ላይ ተጣብቋል ማለት ነው። ሁለት አንቀጾች ጎን አንድ ዓይነት መስመር ከጻፉ አንደኛው ትርፍ ነው። አሁን የኅዳጉን መስመሮች ብቻ ከላይ ወደ ታች ያንብቡ፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ የሚሄድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ደኅና ነው። አንዱ ቦታ ላይ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ካሉ አንቀጹ ቦታውን ስቷል።

ሦስተኛው መቁረጥ ነው። እኛ ዘንድ በጣም የተለመደው ትርፍ መግቢያ ላይ ይገኛል። «እንደሚታወቀው»፣ «ከጥንት ጀምሮ»፣ «በዓለማችን ላይ ካሉ ነገሮች አንዱ» እያለ የሚጀምር አንቀጽ ጸሐፊው የጻፈው ለራሱ ማሟሟቂያ ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጅዎ ሸፍነው ከሁለተኛው ያንብቡ። ምንም ካልጎደለ ይቁረጡት። መጨረሻው ላይም «ስለዚህ ሁላችንም ተባብረን» የሚል ምክር ካለ እንዲሁ ያድርጉ፤ አንባቢው የመጣው እንጀራው ዓይን ስላላወጣ ነው።

ተረትና ምሳሌም በክለሳ ጊዜ ይመረመራል። ምሳሌያዊ ንግግር አማርኛን የሚያሳምር ሀብት ነው፤ ነገር ግን ማስረጃ ሊቀመጥበት በሚገባ ቦታ ገብቶ ማስረጃ መስሎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ምሳሌውን ሲያወጡት ክርክሩ ከቆመ ይመልሱት። ሲያወጡት ክርክሩ ከወደቀ መጀመሪያውንም ክርክር አልነበረም።

የቆረጡትን አይጣሉት። «ተቀናሽ» የሚል ፋይል ይክፈቱና እዚያ ያኑሩት። የጤፍን ምርት የተመለከተው ዓረፍተ ነገር ለሌላ ጽሑፍ መነሻ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው መጨመር ነው። አንባቢው «እንዴት?» ወይም «ለምን?» ብሎ የሚያቆምባቸውን ቦታዎች ይፈልጉ። በረቂቁ ውስጥ እንዲህ ያለው ቦታ «ከዚያ አብሲት ይደረጋል» የሚለው ነው። ጸሐፊው ስለሚያውቀው በሦስት ቃል አለፈው፤ አንባቢዋ ግን የምትጠፋው እዚያ ነው። ቃሉም ራሱ ልክ አይደለም፤ ምጣድ አጠገብ ያለ ሰው አብሲት «ይጣላል» ነው የሚለው። በአንድ ሙያ ላይ ስትጽፉ ባለሙያዎቹ የሚሉትን ግስ መያዝ አንባቢው እንዲያምናችሁ ያደርጋል።

ከክለሳ በኋላ አንቀጹ እንዲህ ሆነ፦

«እንጀራው ዓይን ያላወጣው ሊጡ ኩፍ ሳይል ስለተጋገረ ሊሆን ይችላል። ሊጡ ሲቦካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይፈጠራል። ምጣዱ ላይ ሲፈስ ይህ ጋዝ በሙቀቱ ወደ ላይ ፈንድቶ ይወጣል፤ ዓይን የምንለው እርሱ ሲወጣ የሚተወውን ቀዳዳ ነው። ጋዙን ሊጡ ውስጥ ይዞ ለማቆየት የሚረዳው ደግሞ አብሲት ሲሆን አብሲት የሚዘጋጀው ከቦካው ሊጥ ላይ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ እንዲበስል በማድረግ ነው። በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ከዚያ ሊጡ ኩፍ እስኪል መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳይጠበቅ ከተጋገረ እንጀራው ልሙጥ ይሆናል።»

ባህላዊ ምግብ መሆኑ ቀረ፣ የጤፍ ምርት ቀረ፣ እናቶቻችን ቀሩ። መልሱ ወደ መጀመሪያው መስመር ወጣ። ሦስቱ የጥያቄ ምልክቶች በስም ተተኩ። አብሲት ከሦስት ቃል ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር አደገ። ፊደል አላረምንም፤ ውኃ በ«ሃ» ተጽፏል፤ ተራው ገና ነው።

አምስተኛ፦ ዓረፍተ ነገሩን ያቅኑ

አሁን ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡ። በለሆሳስ ማንበብ አይበቃም፤ ጆሮ መስማት አለበት። ትንፋሽ ያጠረዎትን፣ ምላስዎ የተሰናከለበትን፣ ተመልሰው ያነበቡትን ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርጉበት።

የአማርኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢው ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ እስኪደርስ ድረስ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ጊዜውን፣ ምክንያቱን ሁሉ ተሸክሞ ይጓዛል። ሸክሙ ሲበዛ ይጥለዋል። ለምሳሌ፦

«በከተማችን በሚገኙና በአነስተኛ ገቢ በሚተዳደሩ ቤተሰቦች ዘንድ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከጤፍ ዋጋ መወደድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ጤፍን ከሩዝና ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ የመጋገር ልማድ እየተስፋፋ መጥቷል።»

ሁለት ቦታ ይክፈሉት፦ «ጤፍ ተወዷል። ስለዚህ በከተማችን ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ከሩዝ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅለው መጋገር ለምደዋል።» ምክንያቱን ቀድሞ በራሱ ግስ ማሰር ብዙ ጊዜ ይሠራል።

«ሲሆን» የምትባለዋን ቃል በኮምፒውተርዎ ይፈልጓት። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ያለ በቂ ምክንያት የምታጣብቅ ቃል ናት። ብዙውን ጊዜ በቦታዋ አራት ነጥብ ቢገባ ጽሑፉ ይተነፍሳል። በተከለሰው አንቀጻችን ውስጥም አንዲት ቀርታለች።

የቢሮ ግሶችን ያራግፉ። «ውይይት አካሄዱ» ማለት ተወያዩ ማለት ነው። «የማጽዳት ሥራ ተከናወነ» ማለት ጸዳ ማለት ነው። «እንዲበስል በማድረግ» ማለት በማብሰል ማለት ነው። አማርኛ በአንድ ግስ ውስጥ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና ጊዜውን አጭቆ የመናገር ችሎታ አለው፤ «ማድረግ»ን፣ «ማካሄድ»ን እና «ማከናወን»ን እየደረደርን ያንን ችሎታውን ባናባክነው እመኛለሁ።

ድግግሞሽም አለ። «የቀረሁበት ምክንያት ስለታመምኩ ነው» ሲል ምክንያቱ ሁለት ጊዜ ተነግሯል፤ «የቀረሁት ስለታመምኩ ነው» ይበቃል። «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «ቅዱሳኖች» ሁለት ጊዜ የበዙ ቃላት ናቸው። «በተጨማሪም ደግሞ» ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን አሻሚነት ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ራሱ አያየውም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይመታል» ሲጻፍ መቺውም ተመቺውም ይሆናል፤ «ይበላል»ም እንዲሁ። ጸሐፊው የሚያነበው በሐሳቡ ባለው ድምፅ ስለሆነ ችግር የለበትም፤ አንባቢው ግን አላልቶ ጀምሮ መጨረሻው ላይ አጥብቆ ለማንበብ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ቃል ሲያገኙ ባለቤቱን ወይም ተሳቢውን በግልጽ ያስገቡ።

አክብሮትና ብዙ ቁጥርም ግሱ ላይ አንድ ናቸው። «ሐኪሞቹ ከሽማግሌው ጋር ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሳይስማሙ ሄዱ» የሚለውን ያንብቡ። የሄዱት ማን ናቸው? ሐኪሞቹ ወይስ ሽማግሌው? «እርሳቸው» ወይም «ሐኪሞቹ» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር ክርክሩ ይቆማል።

አንቀጻችን ከዚህ ንባብ በኋላ አብሲት ላይ እንዲህ ተቃንቷል፦ «ጋዙን ሊጡ ውስጥ ይዞ ለማቆየት የሚረዳው አብሲት ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ይቀነስና በፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ ይበስላል፤ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል።»

ስድስተኛ፦ ያርሙ

እርማት የሚጀመረው ከእንግዲህ ምንም አንቀጽ እንደማይንቀሳቀስ ሲታወቅ ነው። ነገ የሚቆረጥ ዓረፍተ ነገር ላይ ፊደል ማረም ድካም ብቻ ነው። እያንዳንዱን የእርማት ዓይነት ለየብቻ ይሥሩ፤ ዓይን በአንድ ንባብ ሁሉንም አይለቅምም።

መጀመሪያ ስምና ቁጥር። የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ዓመተ ምሕረት አንድ በአንድ ከምንጩ ጋር ይመሳከር። በእኛ ጽሑፎች ውስጥ ከባዱ የዘመን ልዩነት ነው። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ አውሮፓውያኑ ዓመት ማብቂያ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከአውሮፓውያኑ ጥር መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ስምንት ነው። ስለዚህ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲቀየር 1974 ይሆናል፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ግን 1941 ነው። ዝም ብሎ ስምንት የሚደምር ሰው የመስከረምን ታሪክ በአንድ ዓመት ያሳስታል። አንዱን አቆጣጠር መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙት፤ ሌላውን ሲጠቀሙ «እ.ኤ.አ.» ይበሉ። ሰዓትም «3 ሰዓት» ተብሎ አይተው፤ በተለይ ውጭ አገር ያለ አንባቢ ካለዎት «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» የሚል ይጨመርበት።

ቀጥሎ ፊደል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ በግዕዝ ግን የተለያየ ትርጉም ይሸከማሉ፤ «ሠረቀ» ወጣ ሲሆን «ሰረቀ» ያው የምናውቀው ስርቆት ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይጠበቁ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እኔ ጥንታዊውን አጻጻፍ የማክበር ዝንባሌ አለኝ። ከየትኛውም ወገን ቢሆኑ ግን አንድ ነገር ግዴታ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ «ሥራ»፣ በሚቀጥለው «ስራ» መጻፍ አይቻልም። መፍትሔው የራስን ዝርዝር መያዝ ነው። የሚያመነቱበትን ቃል ሁሉ አንድ ጊዜ መዝገበ ቃላት አይተው ይወስኑና በዝርዝርዎ ይመዝግቡት፦ ሥራ፣ ዓይን፣ ውኃ፣ ሐሳብ፣ ኃይል፣ ጽሑፍ፣ ፀሐይ። ለጥንታዊው አጻጻፍ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በኋላ በየጽሑፉ መከራከር ቀረ፤ ዝርዝሩ ይወስናል። የእኛ አንቀጽም እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ «ውሃ» ወደ «ውኃ» ተመለሰ።

በኮምፒውተር ፈልጎ መተካት ይህን ሥራ ያፋጥናል፤ ግን «ሁሉንም ተካ» የሚለውን አይጫኑ። «ስራ»ን በሙሉ ወደ «ሥራ» ሲቀይሩ «እስራኤል» ሳያዩት «እሥራኤል» ሆኖ ያርፋል። አንድ በአንድ እያዩ ይለፉ።

ሦስተኛ ሥርዓተ ነጥብ። አራት ነጥብ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የራሱ አንድ ምልክት አለው፦ «።»። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» ይጽፋል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መስመሩ ሲታጠፍ አንዱ «፡» እዚህ፣ ሌላው እዚያ ሊቀር ይችላል። ይህንን ግን ያለ ሥጋት በአንድ ጊዜ መተካት ይቻላል። ነጠላ ሰረዝ «፣» ዝርዝርን ይለያል፤ ድርብ ሰረዝ «፤» በራሳቸው መቆም የሚችሉ ግን የተዛመዱ ሐሳቦችን ያገናኛል። ድርብ ሰረዝ ባለበት ሁሉ አራት ነጥብ ቢገባስ ብሎ መጠየቅ ለአማርኛ ጽሑፍ ጥሩ ልማድ ነው።

መጨረሻ ላይ ጽሑፉን ከታች ወደ ላይ ያንብቡ፤ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ ከዚያ ከእርሱ በላይ ያለውን እያሉ። ሐሳቡ ስለሚቋረጥ ዓይን ቃሉን ብቻ ያያል፤ የተዘለለ ፊደል የሚያዘው ያን ጊዜ ነው።

ሰባተኛ፦ ለሌላ ሰው ይስጡ

እኛ ዘንድ ጽሑፍ አንብብልኝ የተባለ ሰው «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብሎ ይመልሳል። ይሉኝታ ነው። ስለዚህ «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ። ይሉኝታ የማያስገቡ ጥያቄዎች አሉ፦ የት ቦታ ላይ ተመልሰሽ አነበብሽ? የማታውቂው ቃል የትኛው ነው? ጽሑፉ ምን እንደሚል በራስሽ አነጋገር ንገሪኝ። በሦስተኛው ላይ የምትነግርዎ ነገር እርስዎ ካሰቡት የተለየ ከሆነ ጥፋቱ የአንባቢዋ አይደለም፤ ወደ ክለሳ ይመለሱ።

ከተቻለ ፊትዎ ድምፃቸውን አውጥተው ያንብቡልዎ። እርስዎ ቅጂውን ይዘው የተደናቀፉበትን ብቻ ምልክት ያድርጉ፤ አያስረዱ፣ አይከራከሩ። የጠበቀውን አላልተው ያነበቡበት ቦታ ወርቅ ነው፤ ያንን በሌላ መንገድ አያገኙትም። ለአባት ወይም ለታላቅ ሰው ሲሰጡ በትልቅ ፊደል አትመው፣ ከእስክሪብቶ ጋር ይስጡ፤ በቃል ሊነግሩዎ የሚሳሱትን በእጃቸው ጽፈው ይሰጡዎታል።

ስምንተኛ፦ እጅዎን ያለማምዱ

በሳምንት አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ ግን በሦስቱም ደረጃ ይለፍ። ሰኞ ያርቅቁ፣ ረቡዕ ይከልሱ፣ ቅዳሜ ያርሙ። ሦስቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደጋግመው የሚያርሙት ምን እንደሆነ ራሱ ይገለጥልዎታል፤ አንዱ ሁልጊዜ መግቢያ ይቆርጣል፣ ሌላው ሁልጊዜ «ሲሆን» ይለቅማል። ያንን ከዝርዝርዎ ራስ ላይ ይጻፉትና ክለሳ ሲጀምሩ መጀመሪያ እርሱን ይፈልጉ።

መከለስ የት ላይ ይቆማል የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሣል። ትናንት የቀየሩትን ቃል ዛሬ ወደ ነበረበት ከመለሱት፣ ነገም ተመልሰው ሊቀይሩት ካማረዎት፣ ያ ጽሑፍ አልቋል፤ ይላኩት።